ዕፅዋት ማዕከልና አገር በቀል ችግኝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ በ705 ሄክታር ላይ ያረፈው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥምረት የተቋቋመ ነው። ስለዚህ ዓይነት ቦታና በውስጡ ስለሚፈሉት ዛፎች ደጋግመው የሚሰሙ አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹ ብዙ ጉዳት የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ግን የአንድ ክረምት ልፋት ያስከፍላሉ።

«ዛፍ የበዛበት መናፈሻ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?»

መናፈሻ ዛፉ ካማረለት ይበቃዋል። የዕፅዋት ማዕከል ግን የእያንዳንዱን ተክል መዝገብ መያዝ አለበት፦ ሳይንሳዊ ስሙንና ቤተሰቡን፣ ዘሩ የተለቀመበትን ቦታና ከፍታ፣ የተለቀመበትንና የተተከለበትን ቀን፣ መለያ ቁጥሩን። ሞቃት ቦታ ከተለቀመ ዘር የወጣ ወይራና ከደጋ የመጣ ወይራ ችግኝ ሳሉ ለዓይን አንድ ናቸው፤ ውርጭ ሲመታቸው ግን እኩል ላይቋቋሙት ይችላሉ። መዝገብ ከሌለ አንዱ ደርቆ ሌላው ለምን እንደተረፈ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ መለያ ቁጥሩ የተጻፈበትን ታፔላ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ተክሉን ራሱን ከመጉዳት ብዙም አይለይም።

«ጽድ ሁሉ ጽድ ነው»

አገር በቀሉ ጽድ ጁኒፔረስ ፕሮሴራ ነው። የፈረንጅ ጽድ የሚባለው ኩፕረሰስ ሉሲታኒካ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው፤ ቤተሰባቸው አንድ፣ ወገናቸው ግን ሌላ ነው። በቅጠል ከመድከም ፍሬውን ማየት ይቀላል። የአገሩ ጽድ ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነው። የፈረንጁ ደግሞ እንደ እንጨት ጠንክሮ በቅርፊት በቅርፊት ይከፈታል። ፍሬ የሌለው ዛፍ ሁሉ ግን የፈረንጅ አይደለም፤ የአገሩ ጽድ ወንዴና ሴቴ አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ዛፍ ላይ ናቸው። ኮሶም እንደዚሁ ነው፤ ዘር የሚለቀመው ቀላ ያለ አበባ ከሚያወጣው ከሴቴው ብቻ ነው።

«ዘሩ ካልበቀለ የሞተ ነው»

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። የጎመን ዘር በሳምንት ስለሚበቅል የወይራም በሳምንት ይጠበቃል። የወይራ ዘር ግን ድንጋይ በሚመስል ሽፋን ውስጥ ነው፤ ሽፋኑ እስኪላላ ወራት ሊወስድ ይችላል። መፍትሔው የፍሬውን ሥጋ አጥቦ ማስወገድ፣ ሽፋኑን ውስጡ ሳይጎዳ በቀስታ መሰንጠቅ፣ ከዚያም 48 ሰዓት በቀዝቃዛ ውኃ መዘፍዘፍ ነው። በመዶሻ የሚመታ ሰው ግማሹን ይጨፈልቀዋል፤ ድንጋይ ማንከባለል ወይም በፒንሳ ጫፉን መቁረጥ ይሻላል።

ግራር ሌላ ነው። ውኃ አፍልቶ ከእሳት ማውረድ፣ ዘሩን መጨመር፣ እዚያው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ማሳደር። ያበጠው ይዘራል፤ ያላበጠው ይደገማል። እሳት ላይ እንዳለ ከተጨመረ ግን ይቀቀላል። የአገር ጽድ ዘር ደግሞ ባዶው ብዙ ስለሆነ ሥጋው ከተወገደ በኋላ ውኃ ውስጥ ይጨመራል፤ የሚንሳፈፈው ይጣላል። ኮሶ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ሳስቶ ይበተናል፣ አፈሩም ከላዩ እምብዛም አይለብስም። አንድ ሳንቲ ሜትር ጠልቆ የተቀበረ የኮሶ ዘር ላይወጣ ይችላል። ውኃ ሲበዛበት ደግሞ ቡቃያው አንገቱ ላይ በስብሶ ይወድቃል።

«ደርቆ የተቀመጠ ዘር ለዓመታት ይቆያል»

ለግራር አዎ። ለጥቁር እንጨት ግን ተቃራኒው ነው፤ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይገድለዋል። ፍሬው ሲጠቁር ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ጥላ ውስጥ ጠፈፍ እንዳለ መዘራት አለበት።

«ትልቁ ችግኝ ቶሎ ይጸድቃል»

በሚፈላበት የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከመጠን በላይ የቆየ ችግኝ ሥሩ ታች ተጠቅልሎ ይቀራል። ተተክሎ ሁለት ዓመት ያምርና ነፋስ ሲገፋው ይወድቃል፣ ወይም በበጋ ውኃ ፍለጋ ሥሩን መስደድ ያቅተዋል። ፕላስቲኩ የሚሞላበት አንዱ የተለመደ ድብልቅ ሦስት እጅ የደን አፈር፣ ሁለት እጅ የአካባቢ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ከፕላስቲኩ ሥር የወጣው ሥር በየሁለት በሦስት ሳምንቱ ይቆረጣል፤ ከመትከሉ አንድ ወር ገደማ በፊት ጥላው እየተነሳ፣ ውኃውም እየተቀነሰ ፀሐይ ይለምዳል። ጉድጓዱ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ቀደም ብሎ ይቆፈር። ፕላስቲኩ የግድ ይወጣል፤ «ራሱ ይበሰብሳል» የሚባለው ውሸት ነው። የግንዱ አንገት ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ ዝቅ ካለ ክረምት ውኃ አቁሮ ያበሰብሰዋል።

«አገር በቀል ዛፍ የሚደርሰው ለልጅ ልጅ ነው»

ዝግባና ወይራ በእርግጥ ቀርፋፋ ናቸው። ኮሶ፣ ብሳናና ቆርች ግን ፈጥነው ይረዝማሉ።

«ባሕር ዛፉን በአንዴ ጠርጎ አገር በቀሉን መትከል ነው»

በዳገት ላይ ይህ ከተደረገ የመጀመሪያው ዶፍ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። ባሕር ዛፍ ሥር ምንም አይበቅልም የሚባለውም ሙሉ እውነት አይደለም፤ ዘር የሚያመጣ ወፍና በቅርብ እናት ዛፍ ካለ፣ ከብትም ካልገባ፣ አገር በቀል ቡቃያ ከሥሩ ይታያል። ስለዚህ በየክፍሉ እየለቀቁ መቁረጥ ይመረጣል፤ ጥላ የሚችለው ዝግባ ከቀረው ዛፍ ሥር፣ ብርሃን የሚወደው ኮሶ ደግሞ ክፍቱ ላይ ይተከላል። የተቆረጠው ጉቶ ግን መልሶ ያቆጠቁጣል። ቁጥቋጦው ገና ለጋ ሳለ በየጥቂት ወሩ ካልተገነጠለ በሁለት ዓመት ውስጥ አዲሱን ችግኝ ያለብሰዋል፤ ስለዚህ ለመትከያ ከሚያዘው በጀት ለዚህ ሥራ የሚሆን ቀን ሠራተኛ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።