የመስቀል ወፍ የትም አትሄድም፦ ስለ ፎገራ ወፎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከዓይናችን የጠፋን ሰው «የመስቀል ወፍ ሆንህ እኮ» እንለዋለን። ከጣና በስተምሥራቅ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ወፎችን ስከታተል ከቆየሁ በኋላ ግን አባባሉን በሰማሁ ቁጥር ወፏ ያለ ጥፋቷ የተወቀሰች ይመስለኛል።

«የመስቀል ወፍ በዓመት አንዴ መጥታ ትሄዳለች»

በልጅነቴ እኔም እንዲሁ አምን ነበር። አደይ ሲፈነዳ ብቅ ብላ፣ ደመራው ከተለኮሰ በኋላ ወደማይታወቅ አገር የምትሄድ እንግዳ አድርጌ ነበር የማስባት። በዚህ ስም የሚጠራው ወፍ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በእኛ በኩል ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰርበት አናቱና ሆዱ ጥቁር፣ አንገቱና የጅራቱ ሥር እንደ ፍም የቀላ ትንሽ ወፍ ነው።

ይህ ወፍ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። ቀዩ ላባ የወንዱ የሰርግ ልብስ ነው። ክረምት ሲገባ ይለብሰዋል፤ ሣሩ ሲያድግ ጎጆ እየሠራ እንስቶቹን ይጠራበታል፤ የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ያረግፈዋል። ከዚያ በኋላ እንደ እንስቷ ቡናማ ይሆንና ከድንቢጥ ለመለየት ያስቸግራል። ጥር ላይ አውድማ ዳር በመንጋ ሆኖ ጥሬ ሲለቅም ዝም ብለነው የምናልፈው ያንኑ የመስከረሙን ወፍ ነው።

ማየት የሚፈልግ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሩዝ ማሳ ዳር ረጅም ሣር ያለበት ቦታ ይቁም። ወንዱ ከሣሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ላባውን ይነፋና ድቡልቡል ይሆናል፤ ከዚያ ክንፉን እያርገበገበ ልክ እንደ ትልቅ ጢንዚዛ ቀስ ብሎ ከአንዱ ሣር ወደ ሌላው ይበራል።

«እግረ ረጅም ሁሉ ሽመላ ነው»

ከኅዳር እስከ የካቲት በሜዳችን በሺዎች ሆነው የሚወርዱትን ግራጫ ወፎች ብዙ ሰው «ሽመላ» ብሎ ያልፋቸዋል። እነዚህ በውጭ ስማቸው ክሬን የሚባሉት ናቸው። ልዩነቱን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ቀና ማለት ይበቃል። ውሃ ዳር ቆሞ ዓሣ የሚጠብቀው ሳቢሳ ሲበር አንገቱን አጥፎ ወደ ትከሻው ይሰበስባል። ክሬን አንገቱን እንደ ቀስት ወደ ፊት ዘርግቶ ነው የሚበረው። ሽመላም አንገቱን ይዘረጋል፤ ግን ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፣ መንቁሩን ነው የሚያንኳኳው። የክሬን ጩኸት ግን ወፉ ራሱ ለዓይን ከመታየቱ በፊት ከሩቅ ይሰማል።

አንድ ኅዳር ጠዋት ጭጋጉ ሳይገፈፍ ከጉማራ ወንዝ ዳር ቆሜ ነበር። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሳይገባኝ አናቴ ላይ ደረሱ። ሦስት ሆነው ነው ያረፉት፤ ሁለቱ ራሳቸው ጥቁርና ነጭ፣ ሦስተኛው ራሱ ቡናማ። ቡናማው የዓመቱ ጫጩት ነው። በሩሲያና በሰሜን አውሮፓ ረግረጎች ከሚፈለፈሉት አንዱ ነው፤ እናትና አባቱን ተከትሎ ነው እስከ እኛ ሩዝ ማሳ የደረሰው። ብዙዎቹ በመንገዳቸው በእስራኤሉ ሑላ ሸለቆ ያርፋሉ፤ ገሚሶቹም እዚያው ይከርማሉ።

ዘውድ መሰል ወርቃማ ላባ ራሱ ላይ ያለው ጥቁሩ ክሬን ደግሞ እንግዳ አይደለም፣ የአገሩ ልጅ ነው። በክረምት እዚሁ ረግረጉ ውስጥ ይፈለፍላል፣ በበጋም አይሄድም። ዛፍ ላይ አርፎ ካያችሁት ሌሎቹ ክሬኖች ስለማያደርጉት በዚህም ትለዩታላችሁ።

«ክሬን ሰብል ፈጂ ነው»

ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ገበሬውንም ውሸታም ማለት ነውር ነው። አዲስ የተዘራ ሽምብራ ላይ ከወረዱ ዘሩን ይለቅማሉ። ነገር ግን አብዛኛውን ቀን የሚውሉት አጨዳው ባለቀበት ማሳ ላይ፣ መሬት የረገፈውን ጥሬና ነፍሳት እየለቀሙ ነው። ማሳው መጠበቅ ያለበት የተዘራው ቡቃያ እስኪሆን ላሉት ጥቂት ቀናት ነው፤ እረኛ ልጅ ጮኾ ያባርራቸዋል። ለዚያ ሲባል መርዝ ማስቀመጥ ግን ጎረቤትን፣ ውሻንና ከብትን ጭምር ለአደጋ መዳረግ ነው።

«ጉጉት ከጮኸ ሰው ይሞታል»

ጉጉት የሚጮኸው ግዛቱን ለማስከበርና ጓደኛውን ለመጥራት ነው። በድንጋይ ከምታባርሩት ይልቅ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ካሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር ፈልጉ፦ አውራ ጣት የሚያህል ግራጫ ድብልብል ነገር ታገኛላችሁ። ኩስ አይደለም፤ ጉጉቱ መፍጨት ያቃተውን በአፉ የተፋው ነው። በእንጨት ስትፈለቅቁት ፀጉር፣ የአይጥ መንጋጋና መርፌ የመሰሉ አጥንቶች ይወጣሉ። ጎተራችሁን ሲጠብቅ እንዳደረ የሚመሰክረው ያ ነው። ለማየት ወቅት አይመርጥም፤ ጀምበር ስትጠልቅ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው።

«ጥንብ አንሳ በሽታ ያዛምታል»

የተገላቢጦሽ ነው። የጨጓራው አሲድ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ ሌላውን እንስሳ የሚገድሉ ብዙ ተህዋስያንን እዚያው ያጠፋል። ሕንድ ውስጥ ዳይክሎፌናክ የተባለው መድኃኒት ከተሰጣቸው ከብቶች ሥጋ የበሉ ጥንብ አንሳዎች ከመቶ ከ90 በላይ ካለቁ በኋላ ጥንቡ ለውሾች ቀረ፣ ውሾቹም በዙ። መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ የታገደው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ አገር ለጅብና ለውሻ ተብሎ የሚቀመጠው መርዝ ጥንብ አንሳዎቹንም ይጨርሳል።

«ረግረግ ባዶ መሬት ነው»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ጣናና ዙሪያው በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቧል። ሆኖም በፎገራ ያሉት ሸሸርና ወለላ የሚባሉት ረግረጎች ውሃቸው በሞተር ፓምፕ እየተሳበ፣ ዳርቻቸው እየታረሰ ሲጠብቡ ኖረዋል። ሽንኩርት ተክሎ ልጁን የሚያስተምር ሰው ላይ አልፈርድም። ነገር ግን ያ ውሃ ባዶ አልነበረም። ክሬን የሚያድረው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው፤ ቀበሮም ሆነ ውሻ በሌሊት ቢመጣ ውሃው ቦጭ ቦጭ ብሎ ያስነቃዋል። ውሃው ሲደርቅ የሚያርፉበት ሜዳ ቢኖርም የሚያድሩበት መኝታ ያጣሉ።

ጥር ላይ ጊዜ ካገኛችሁ ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ውሃው ካልደረቀበት ረግረግ ዳር ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ነጭ ልብስ አትልበሱ፣ ልጆችም ይምጡ። መጀመሪያ ክሬኖቹ ከየማሳው አምስት አምስት እየሆኑ ይመጣሉ፤ ከዚያ ሰማዩ በድምፃቸው ይሞላል፤ ሲጨልም አንድ በአንድ ዝም ይላሉ።