«ኦርደር» ሲሉ ትእዛዝ ማለታቸው አይደለም

አርክቴክቸር ላይ ኦርደር ሲባል አምዱ ከነመቆሚያው ከነአናቱ፣ ላዩ ላይ ከሚጋደመው ድንጋይ ጋር፣ ሁሉም በልክ የተያያዘበት አሰራር ማለት ነው። ጣሊያናዊው አርክቴክት ሰርሊዮ እ.ኤ.አ. በ1537 ቬኒስ ላይ አምስቱን ኦርደሮች (ቱስካን፣ ዶሪክ፣ አዮኒክ፣ ኮሪንቲያን፣ ኮምፖዚት) ጎን ለጎን ደርድሮ አሳተመ፣ ከዛ በኋላ እንደ ህግ ተያዘ።

ግራ የሚያጋባው ማነሪስቶቹ (በ16ኛው ክፍለ ዘመን ህጉን ሆን ብለው የሚያጣምሙት አርቲስቶች) ጋ ስትደርሱ ነው። የስትራስቡርጉ ሰዓሊ ዲተርሊን በ1598 ኑረምበርግ ላይ ያወጣውን መፅሀፍ ብታዩት ክፍሎቹ በነዚሁ በአምስቱ ስም ነው የተከፈሉት፣ ውስጡ ግን ሌላ አለም ነው፣ አምዱ ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ቅጠሉና ጥቅልሉ እርስ በርሱ ይጠላለፋል፣ አንዱ ገፅ ላይ እንደውም ዝሆን አለ (ዝሆን እዚህ ምን ይሰራል አትበሉኝ)። 200 ያህል ምስል ነው እንዲህ የሰራው።

ታዲያ ህጉን አያውቅም ነበር? ኧረ በደንብ ያውቃል፣ መጀመሪያ አምዱን ከነልኩ ያሳያችኋል ከዛ ነው የሚጫወትበት። ደሞ የሚሰራው በድንጋይ አይደለም፣ መዳብ ላይ በመርፌ ጭሮ በአሲድ እያስበላ ነው፣ ወረቀት ላይ ደግሞ የሚወድቅ ግንብ የለም። ለዛ ነው «ቱስካን» የሚል ፅሁፍ አይታችሁ ቀለል ያለ አምድ ስትጠብቁ ያ ሁሉ ጉድ የሚመጣባችሁ።