ከክለብ ጋር ከመንገድ ወጥቶ መንዳትና በድንኳን ማደር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቅዳሜ ማለዳ ወጥቶ እሁድ ማታ የሚመለስ ጉዞ ለማቀድ ቀላል ይመስላል። መኪና አለ፣ ድንኳን አለ፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው አለ፤ የቀረው መነሻ ሰዓት መቁረጥ ነው ይባላል። እንዲህ ያሉ ጉዞዎችን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ አይደለም። ከቤት ሳይወጣ የታመነበት ነገር ነው። በተለይ አዲስ አባላት ይዘዋቸው የሚመጡትን አመለካከቶች ከዚህ በታች አንስቻለሁ።

“ብዙ መኪና ስለሆንን እኔ ብዙም መዘጋጀት አያስፈልገኝም”

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ክለቡ ጭቃ የያዘውን መኪና ያወጣል፤ ያንተን ውሃ፣ ነዳጅና ትርፍ ጎማ ግን አይሸከምልህም። የጎማ ልክና የብሎን ቀዳዳ አቀማመጥ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የጓደኛህ ትርፍ ጎማ ላንተ ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ መኪና ለብቻው እንደሚሄድ ሆኖ መዘጋጀት አለበት። ንፋሱ የተለካ ትርፍ ጎማ፣ የጎማ መፍቻ፣ ክሪክ፣ ክሪኩ ለስላሳ መሬት ውስጥ እንዳይሰምጥ ከስር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥንና የእሳት ማጥፊያ በየመኪናው ይኑር። ውሃ ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ይታሰብ፤ ሙቀት ካለ ይጨመር። ከታቀደው ላይ ደግሞ የአንድ ቀን ትርፍ መያዝ ይገባል። ነዳጅም በአስፋልት ፍጆታ አይሰላም፤ አሸዋና ዝቅተኛ ማርሽ ብዙ ይበላሉ።

በጋራ የሚያዙ እንደ ኮምፕሬሰር (የጎማ ንፋስ መሙያ)፣ አካፋና ምድጃ ያሉ ዕቃዎች ደግሞ በስም ይከፋፈሉ። “አንዱ ያመጣዋል” የተባለ ዕቃ ወይ አምስት ሆኖ ይመጣል ወይ ጭራሽ አይመጣም።

“60 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሁለት ሰዓት እንጨርሰዋለን”

ሒሳቡን እንሥራ። አሥር መኪና አንድ አስቸጋሪ ቦታ ላይ ደረሰ እንበል። እያንዳንዱ ለማለፍ አምስት ደቂቃ ቢወስድበት 50 ደቂቃ እዚያው ሄደ። እንዲህ ያሉ ሦስት ቦታዎች ካሉ፣ አንድ ጎማ ከተነፈሰ፣ ምሳ ከተበላ ቀኑ አለቀ። በሻካራ መንገድ ላይ የቡድን አማካይ ፍጥነት በሰዓት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ድንጋያማ ከሆነ ከዚያም ይወርዳል። ዕቅዱም የሚወጣው ፈጣኑን ሹፌር ሳይሆን ዝግተኛውን ታይቶ ነው።

ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ማደሪያው መድረስ ይገባል። ለዚህም የመመለሻ ሰዓት አስቀድሞ ይቆረጥ፦ እስከዚህ ሰዓት እዚህ ቦታ ካልደረስን ወደ ቅርቡ መውጫ እንታጠፋለን የሚል። ሰዓቱ ሲደርስ ያንን ለመናገር የሚደፍር መሪ ጥሩ መሪ ነው።

“ባለ ፎር ዊል መኪና የትም ይገባል”

ፎር ዊል ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ያካፍላል እንጂ ጎማ መሬት እንዲይዝ አያደርግም። የዲፈረንሻል መቆለፊያ (የግራና የቀኝ ጎማ እኩል እንዲዞሩ የሚያስገድድ መሣሪያ) በሌለው መኪና አንድ የፊትና በማዕዘን ትይዩው ያለ አንድ የኋላ ጎማ ከመሬት ከተነሱ፣ እነሱ በአየር ላይ ሲሽከረከሩ መኪናው እዚያው ሊቆም ይችላል። ፍሬን ላይም ምንም አይጨምርም፤ ማንኛውም መኪና የሚቆመው በአራቱም ጎማ ነው።

“ጎማ ሙሉ ንፋስ ሲኖረው ይሻላል”

በአስፋልት ላይ አዎ። አሸዋ ላይ ግን ንፋሱ ከ35 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) ወደ 18 አካባቢ ሲወርድ ጎማው መሬት የሚነካበት ስፋት፣ በተለይ በርዝመቱ በኩል፣ ይጨምራል። ክብደቱ ስለሚሰራጭም አይሰምጥም። ብዙ ሰው አካፋ የሚያነሳው ይህን ሳያደርግ ቀርቶ ነው። ንፋስ ከተቀነሰ ግን በዝግታ መንዳት፣ መሪን በድንገት አለመጠምዘዝ ግድ ነው። አስፋልት ከመውጣት በፊትም መልሶ መሙላት ያስፈልጋል። ንፋሱ ያነሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግልና ይፈነዳል።

“የተያዘ መኪና በተገኘው ገመድ ይጎተታል”

እዚህ ላይ ሰው ሞቷል። ተሳቢ የሚያያዝበት የኋላ ክብ ብረት ለመጎተቻ የተሠራ እንጂ የሰመጠ መኪና በኃይል ለመንቀል አይደለም። ሲሰበር እንደ ጥይት ይወረወራል። ገመዱ መታሰር ያለበት ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) ላይ ለዚሁ ሥራ ተብሎ በተገጠመና የመሸከም አቅሙ በታወቀ ቦታ ብቻ ነው። የሚለጠጠውና የማይለጠጠው ገመድ ሥራቸው ይለያያል፤ በማይለጠጠው እየተንደረደሩ መጎተት ሁለቱንም መኪኖች ይጎዳል።

ቅደም ተከተሉም አለው፦ መጀመሪያ በአካፋ መቆፈር፣ ከዚያ ንፋስ መቀነስ፣ ከዚያ ጎማው ረግጦት እንዲወጣ ከስሩ ሰሌዳ ማስገባት፣ ገመድ መጨረሻ ላይ። ሲጎተት ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሌላው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ። ስልክ ይዞ ለመቅረጽ የሚጠጋውንም ጭምር ማራቅ የመሪው ሥራ ነው።

“የፊተኛው ካለፈ እኔም አልፋለሁ”

ወንዝ ላይ ይህ ትልቅ ስህተት ነው። እያንዳንዱ መኪና የወንዙን ወለል ይቆፍራል፣ በሚወጣበት ዳርቻ ላይም ውሃ ያንጠባጥባል። አሥረኛው የሚያገኘው ማለፊያ የመጀመሪያው ካገኘው የጠለቀና ያዳለጠ ነው። በኃይል የሚወርድ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ትንሽ መኪናን ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኞቹን መኪኖች ሊወስድ ይችላል። ሞተሩ አየር የሚስብበት ቦታ የት እንዳለ ከቤት ሳትወጣ ተመልከት። ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል። በጥርጣሬ ላይ ያለ ሹፌር ዞሮ ቢሄድ ማንም ሊያሳፍረው አይገባም።

“ከፊት ያለውን መከተል ይበቃል”

ኃላፊነትህ ከኋላህ ላለው ነው። መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ከኋላ ያለው እስኪያይህ ቆመህ ጠብቅ፤ በስፖኪዮ ካጣኸው በሬዲዮ አሳውቅ። ሁሉም ይህን ካደረገ ማንም አይጠፋም። ልምድ ያላቸው ሁለት ሹፌሮች ፊትና ኋላ ይሁኑ፤ አዲሱ ከመሪው ቀጥሎ ይግባ። በስልክ ኔትወርክ አይተማመኑ። ካርታው አስቀድሞ ስልክ ላይ ይጫን። ቤት ላለ አንድ ሰውም መንገዱ፣ የመመለሻው ሰዓት፣ እስከ ስንት ሰዓት ድምፅ ከጠፋ ለማን መደወል እንዳለበት በጽሑፍ ይሰጠው።

“ደረቅ ወንዝ ውስጥ ማደር ይመቻል፤ ከበረደም ከሰል ድንኳን ውስጥ ይገባል”

ሁለቱም ይገድላሉ። ጎርፉ አንተ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ከሩቅ ከዘነበ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ብርድ የሚገባው በአብዛኛው ከመሬት በኩል ስለሆነ ከስር ወፍራም ፍራሽ ማንጠፍ ይሻላል። የእሳቱ ቦታ ደግሞ አፈር አይልበስ። ከስር ያለው ፍም ሊቆይ ስለሚችል ውሃ እየፈሰሰ ይማሰል፣ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ድረስ።

“እሁድ ድንኳን ከተነቀለ ጉዞው አልቋል”

የደከመ ሹፌር፣ የላላ ብሎን፣ ያልተሞላ ጎማ አንድ ላይ የሚገናኙት እሁድ ከሰዓት ነው። አስፋልት ጋ ሲደረስ ሁሉም ይቁም፤ ጎማ ይሞላ፣ የጎማ ብሎኖች ይጥበቁ፣ ከመኪናው ስር የሚፈስ ዘይት መኖሩ ይታይ፣ ዓይኑ የከበደውም መሪውን ለሌላ ያስረክብ። ሁሉም ቤቱ ሲገባ ለመሪው መልእክት ይላክ። መልእክት ያልላከ አንድ ሰው ካለ መሪው ይደውልለት።