ሊኑክስ ሲነሳ አብረው የማይነሱ የኔትወርክ አገልግሎቶች

በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ደጋግመው ከሚያጋጥሙ ችግሮች አንዱ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ መነሳት የነበረበት የኔትወርክ አገልግሎት ወድቆ መገኘቱ ነው። የወደቀው የድረ ገጽ ሰርቨር፣ ዳታቤዝ ወይም ኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ወደ ሰርቨሩ መግቢያው) ሊሆን ይችላል። ግራ የሚያጋባው ግን ባለሙያው ገብቶ ያንኑ አገልግሎት በእጁ ሲያስነሳው ያለ ምንም ለውጥ መሥራቱ ነው። ይህ ምልክት ከታየ የቅንብር ፋይሉን መስመር በመስመር መበርበር አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ድካም ነው። ፋይሉ ደህና ነው፤ አገልግሎቱ የተነሳው የሚፈልገው የኔትወርክ አድራሻ (አይፒ) ከመምጣቱ በፊት ነው።

ቀድሞ በነበረው፣ ሲስ-ቪ በተባለው የማስነሻ አሠራር አገልግሎቶች ቁጥር በተሰጣቸው ስክሪፕቶች ተራ በተራ ይነሱ ነበር፤ ኔትወርኩ ይቀድማል፣ የድረ ገጽ ሰርቨሩ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ ይፋ ያደረጉት ሲስተምዲ የተባለ አስነሺ ፕሮግራም ይህን ሰልፍ አስቀረው። ከሊኑክስ ዓይነቶች ፌዶራ 15 በ2011፣ ዴቢያን 8 እና ኡቡንቱ 15.04 ደግሞ በ2015 ዋና አስነሺ አድርገው ተቀበሉት። ሲስተምዲ ቅደም ተከተሉ በግልጽ ካልተነገረው በስተቀር አገልግሎቶችን ጎን ለጎን ያስነሳል። ፍጥነቱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ማን ማንን እንደሚጠብቅ መጻፍ የባለሙያው ኃላፊነት ሆነ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ‹ኔትወርክ ታርጌት› የተባለው የሲስተምዲ የአነሳስ ደረጃ የሚያመለክተው ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ሥራ መጀመሩን ብቻ ነው፤ የኔትወርክ ካርዱ አይፒ አድራሻ ማግኘቱን አያረጋግጥም። ኔትወርኩ እስኪዘጋጅ የሚጠብቀው ‹ኔትወርክ-ኦንላይን ታርጌት› ነው። እርሱም በአገልግሎቱ ፋይል ውስጥ በሁለት መስመር መጠራት አለበት። ‹አፍተር› ቅደም ተከተሉን ይወስናል፣ ‹ዋንትስ› ደግሞ ታርጌቱን ራሱን ያስነሳዋል። ‹አፍተር› ብቻውን ተጽፎ ታርጌቱን ሌላ የሚጠራው ከሌለ፣ አገልግሎቱ ምንም ሳይጠብቅ ያልፋል።

ምርመራው ከመዝገቡ ይጀምራል። በ‹ጆርናልሲቲኤል› ትእዛዝ የዚያን አገልግሎት መልእክቶች፣ ያውም የአሁኑን አነሳስ ብቻ፣ ለይቶ ማውጣት ይቻላል። ለምሳሌ ኤንጂንኤክስ የተባለው የድረ ገጽ ሰርቨር በ192.168.1.10 ላይ ፖርት 80ን (የግንኙነት በር ቁጥር) እንዲከፍት ታዝዞ አድራሻው ገና ካልተሰጠ፣ የስህተት ቁጥር 99 ጽፎ ይወድቃል። ትርጉሙ የተጠየቀው አድራሻ በዚህ ኮምፒውተር ላይ የለም ማለት ነው። ቁጥር 98 ከሆነ ፖርቱን ሌላ ፕሮግራም ቀድሞ ይዞታል፤ ቁጥር 13 ከሆነ ነገሩ የፈቃድ ጉዳይ ነው። ሦስቱም ‹አልተነሳም› ተብለው በአንድ ስም ይጠራሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

አገልግሎቱ ሲወድቅ ራሱ ደግሞ እንዲነሳ ማዘዝም ጥሩ ነው፤ ሆኖም አንድ ወጥመድ አለው። ሲስተምዲ ሌላ ካልተባለ በሙከራዎች መካከል የሚጠብቀው 100 ሚሊሰከንድ ብቻ ሲሆን፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ማስነሳትን አይፈቅድም። ወዲያው የሚወድቅ አገልግሎት ዲኤችሲፒ (ለኮምፒውተሮች አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት) አድራሻ ሳይሰጥ ሙከራውን ሁሉ ይጨርሳል። የመጠበቂያ ጊዜውን 5 ሰከንድ ማድረግ ይህን ያስቀራል። በስክሪፕት ውስጥ ‹30 ሰከንድ ተኛ› ብሎ መጻፍ ግን ግምት ስለሆነ አንድ ቀን ማጠሩ አይቀርም። አገልግሎቱን በ0.0.0.0፣ ማለትም በሁሉም አድራሻዎች ላይ እንዲያዳምጥ ማድረግም ችግሩን ያስወግዳል፤ ያኔ ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደውን ፋየርዎል መፈተሽ ግድ ነው።

መጠበቅም ዋጋ አለው። የሲስተምዲ የራሱ የኔትወርክ አስተዳዳሪ እስከ 120 ሰከንድ ይጠብቃል። ገመድ ያልተሰካበት ሁለተኛ ካርድ በቅንብሩ ውስጥ ካለ፣ ለመነሳት እንደማያስፈልግ ካልተነገረው አነሳሱን ሊያጓትት ይችላል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ችግሩ ጎልቶ ይታያል። ሰርቨሩ፣ ስዊቹና ራውተሩ በአንድ ቅጽበት ይነሳሉ፤ ሰርቨሩ ቀድሞ ከደረሰ አድራሻ የሚሰጠው አያገኝም። ስለዚህ ማስተካከያው መሥራቱን ለማረጋገጥ ሰርቨሩን ብቻውን ማስነሳት አይበቃም፤ ራውተሩም አብሮ ጠፍቶ መነሳት አለበት።