ዕቃን መልሶ ስለሚያስጠቅሙ የበጎ ፈቃደኛ ቡድኖች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንዱ የማይፈልገውን ዕቃ ለሚፈልገው የሚያስተላልፉ፣ የተበላሸውን የሚጠግኑና ብክነትን የሚቀንሱ የበጎ ፈቃደኛ ቡድኖች ቁጥር በጨመረ መጠን፣ ስለ አሠራራቸውና ስለ ዕድገታቸው የሚነገሩ የተሳሳቱ ግምቶችም አብረው በዝተዋል።

«መልሶ መጠቀምና ሪሳይክል ማድረግ አንድ ናቸው»

ለዚህ መደባለቅ ቋንቋችንም ጥቂት አስተዋጽኦ አለው፤ «መልሶ ጥቅም ላይ ማዋል» የሚለውን ሐረግ ለሁለቱም እንጠቀምበታለንና። ጠርሙስ ታጥቦ እንደገና ሲሞላ መልሶ መጠቀም ነው፤ ተሰባብሮና ቀልጦ ሌላ ጠርሙስ ሲወጣው ግን ሪሳይክል ተደርጓል፤ ይህም መጓጓዣ፣ ኃይልና ፋብሪካ ይጠይቃል። የኔዘርላንድስ የምክር ቤት አባል የነበሩት አድ ላንሲንክ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረቡት ሐሳብም ሆነ የአውሮፓ ኅብረት የ2008 የቆሻሻ መመሪያ ብክነትን መከላከልን ያስቀድማሉ፤ መልሶ መጠቀምንም ከሪሳይክል በላይ ያደርጉታል።

«ለመጀመር መጋዘንና ገንዘብ የግድ ነው»

ፍሪሳይክል የተባለው የመሰጣጣት መረብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ዴሮን ቢል ከቱሳን ከተማ ለወዳጆቻቸውና ለጥቂት በጎ አድራጎት ድርጅቶች በላኩት ኢሜይል ነበር። ዕቃው ከሰጪው ቤት ተነሥቶ በቀጥታ ተቀባዩ ዘንድ ስለሚደርስ በመካከል ማከማቻ አያስፈልግም። እንዲያውም መጋዘን ይዞ የሚጀምር ቡድን፣ ማንም የማይወስደውን ዕቃ ተቀብሎ የማስወገድ ጣጣ ውስጥ ቶሎ ይገባል።

«አባል በበዛ ቁጥር ቡድኑ አድጓል»

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አመለካከት ይመስለኛል። አባላቱ ከተራራቁ፣ አንድ መደርደሪያ ለመውሰድ የሚደረገው ጉዞ ራሱ ነዳጅ ይፈጃል፤ ቀጠሮ ይዞ የሚቀረው ሰው ይበዛል፤ ሰጪውም በጥበቃ ተሰላችቶ ዕቃውን ወደ መጣያው ይመልሰዋል። አባላት በእጥፍ ሲጨምሩ የሚጣሩት ማስታወቂያዎችና የሚዳኙት ቅሬታዎችም ይጨምራሉ፤ ይህን ሁሉ ግን ከሥራ መልስ የሚያስተናግዱት እነዚያው ሁለትና ሦስት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ጤናማው ዕድገት ብዙ ጊዜ ቡድኑን በየሰፈሩ መክፈልና ኃላፊነትን በተራ ማዳረስ ነው። ማርቲን ፖስትማ እ.ኤ.አ. በ2009 በአምስተርዳም የጀመሩት ሪፔር ካፌ የተባለው የጋራ የጥገና መድረክ የተስፋፋው አንዱ ማዕከል እየገዘፈ በመሄዱ ሳይሆን፣ ሌሎች በየአካባቢያቸው የራሳቸውን እንዲከፍቱ መመሪያ በመስጠቱ ነው። ለቡድኑ መለኪያ የሚሆነውም የአባላቱ ቁጥር ሳይሆን፣ ከቀረቡት ዕቃዎች ስንቶቹ ተወስደው አገልግሎት ላይ መዋላቸው ነው።

«ዕቃው ለችግረኞች ብቻ ነው»

ዓላማው ዕቃው እንዳይጣል ማድረግ ስለሆነ፣ የሚጠቀምበት ሁሉ መውሰድ ይችላል። ይህ ሲታወቅ መቀበል የሚያሳፍራቸው ሰዎችም ይቀርባሉ።

«የሚሠራ ዕቃ ሁሉ ሊሰጥ ይገባል»

ግጭት የደረሰበት የራስ ቁር ወይም የሕፃን የመኪና መቀመጫ ከውጭ ደህና ቢመስልም፣ ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ለሌላ አይተላለፍም። ሽፋኑ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ ያለበት ዕቃም ገመዱ ሳይቀየር መሰጠት የለበትም። የበጎ ፈቃደኞቹን ልፋት ከማያውቅ ሰው ዘንድ ብዙ ወቀሳ የሚያመጣባቸውም፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ «አንቀበልም» ማለታቸው ነው።