ሥርዓት ሲቀየር ፖሊስስ ይቀየራል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መንግሥት በወደቀ ማግስት ብዙ ሰው የሚያሳስበው ሕገ መንግሥቱ አይደለም። ትናንት በዱላ ያባረረው ፖሊስ ዛሬም እዚያው መንገድ ላይ ለምን ቆመ? መልስ ተብለው የሚሰነዘሩ ሐሳቦች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግማሽ እውነት ናቸው።

«ስሙና የደንብ ልብሱ ይቀየር፣ የቀረው ይከተላል»

ርካሽ ስለሆነ ሁሉም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሩሲያ ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ «ሚሊሺያ» የሚለውን የድሮ ስም ጥላ «ፖሊስ» አለችው። መርማሪው የሚመዘነው ግን እንደ ቀድሞው በዘጋው መዝገብ ብዛት ነበር። ቁጥር ሙላ የተባለ መርማሪ ማስረጃ ፍለጋ ከሚንከራተት ተጠርጣሪውን አስጨንቆ ማሳመን ይቀለዋል። በዓመቱ በካዛን ከተማ ዳልኒ ጣቢያ አንድ ታሳሪ በደረሰበት ስቃይ ሞተ፤ ፖሊሶቹ ተፈረደባቸው፣ ጣቢያውም ተዘጋ።

ደቡብ አፍሪካ ደግሞ የአፓርታይድ ዘመን 11 ፖሊስ ተቋማትን እ.ኤ.አ. በ1995 ስታዋህድ «ኃይል» የሚለውን «አገልግሎት» በሚል ተካች፤ ወታደራዊ ማዕረጎችንም አስቀረች። በ2010 ግን ጄኔራሉና ኮሎኔሉ ተመለሱ። በነሐሴ 2012 በማሪካና ፖሊስ 34 አድማ የመቱ የማዕድን ሠራተኞችን በአንድ ቀን ተኩሶ ገደለ። ማዕረጉ ገደላቸው አልልም፤ ቃላት ሲሄዱም ሲመጡም ተኩስ የሚያዝዘው ልማድ ከሥር እንደነበር ግን ያሳያል።

«የድሮዎቹን በሙሉ አባርሮ ከዜሮ መጀመር ነው»

ይህን የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት ጆርጂያን ነው፤ እውነትም አላቸው። የሕዝብ ተቃውሞ መንግሥት ከጣለበት ከ2003ቱ የጽጌረዳ አብዮት በኋላ አዲሱ መንግሥት በጉቦ የታወቁትን የትራፊክ ፖሊሶች በአንድ ጊዜ አሰናብቶ አዲስ የፓትሮል ፖሊስ አቋቋመ፤ ጣቢያዎቹንም ግድግዳቸው መስታወት እንዲሆን አድርጎ ሠራቸው። የመንገድ ላይ ጉቦ ክፉኛ ቀነሰ። ሰው የሚዘነጋው የተሰናበተው ማን እንደሆነ ነው። የትራፊክ ፖሊስን በጥቂት ወራት ሥልጠና መተካት ይቻላል፤ የግድያ መርማሪን፣ የአሻራ ባለሙያን አይቻልም። ደግሞም ያው መንግሥት በሚያስተዳድራቸው እስር ቤቶች እስረኞች ሲሰቃዩ የሚያሳይ ቪዲዮ በመስከረም 2012 ወጥቶ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በቀጣዩ ወር ገዥው ፓርቲ በምርጫ ተሸነፈ።

ኢራቅ በተቃራኒው ታስተምራለች። በ2003 የሳዳም መንግሥት ወድቆ ፖሊሱ ከየጣቢያው ሲጠፋ ባግዳድ ተዘረፈች፤ ከዚያ ሠራዊቱ በትዕዛዝ ተበተነ፣ ጠመንጃ የለመደ ሥራ ፈት ጎዳናው ላይ ቀረ።

ለእኔ ትልቁን ቁም ነገር የያዘችው ኤል ሳልቫዶር ናት። የእርስ በእርስ ጦርነቱን ባበቃው የ1992ቱ የሰላም ስምምነት የተቋቋመው የሲቪል ፖሊስ 20 በመቶው ከቀድሞው ፖሊስ፣ 20 በመቶው ከቀድሞ አማፅያን፣ የቀረው 60 በመቶ በጦርነቱ ካልተዋጉ ሰዎች እንዲሆን ታሰበ። ድርድር ነው፤ ማንንም ሙሉ በሙሉ አያስደስትም። ግን ልምዱንም አዲሱንም ሰው አንድ ላይ ያስቀምጣል።

«ደመወዝ ጨምሩለት፣ ጉቦ ይተዋል»

ጋና በ2010 የፖሊስ ደመወዝን እጥፍ አደረገች። በአውራ ጎዳናው የጭነት መኪኖችን ተከታትለው ያጠኑ ተመራማሪዎች ያገኙት ፖሊሶቹ የሚጠይቁት ገንዘብ መጨመሩን ነው። ጆርጂያ ላይ ደመወዝ የሠራው ጉቦ የተቀበለ ስለሚባረር ነው።

«ለውጡ ወንጀልን አበዛ፤ በድሮው ጊዜ ሰላም ነበር»

የድሮውን ሰላም የቆጠረው ማን ነው? ከ1994 በፊት የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ ስታቲስቲክስ «ነጻ ሀገር» ተብለው ለጥቁሮች የተከለሉትን አካባቢዎች አያካትትም ነበር። እነዚህ ሲጨመሩ ወንጀሉ በአንድ ሌሊት ያበጠ መሰለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ100 ሺህ ሰው ከ60 በላይ የነበረው የግድያ መጠን በ2011/12 ወደ 30 ገደማ ወርዷል። ከዚያ ዳግም መውጣቱም እውነት ነው፤ ለዚያ ግን የ1994ቱን ለውጥ መክሰስ ያስቸግራል።

«ነጻ ፖሊስ ማለት ማንም የማያዝዘው ነው»

ይሄ አደገኛው ነው። ፖለቲከኛ «እገሌን እሰር» ማለት የለበትም፤ ፖሊስ በጀቱን የት እንዳዋለ፣ ሰው ሲሞትበት ለምን እንደሞተበት የሚጠይቀው ግን ያስፈልጋል። ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ለዓመታት የተጋጩባት ሰሜን አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2001 ፖሊሷን ስታዋቅር 19 አባላት ያሉት ቦርድ አቋቋመች፦ 10 ፖለቲከኞች፣ 9 ገለልተኞች። አቤቱታ የሚመረምረው እንባ ጠባቂም ከፖሊስ ውጪ ነው። ምልመላውም ለ10 ዓመት ያህል ግማሹ ካቶሊክ፣ ግማሹ ካቶሊክ ያልሆነ እንዲሆን ተደረገ፤ ሲጀመር 8 በመቶ ገደማ የነበሩት ካቶሊኮች በ2011 ወደ 30 በመቶ ተጠጉ። ብዙዎች አድልዎ ነው ብለው ተቃውመውት ነበር።