ፎቶ፣ ቪዲዮና ድምፅ በዲስክ ማስቀመጥ ጎጃም ውስጥ

ባህርዳርም በሉት ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም በሉት ዳንግላ፣ የቴሌቪዥኑን መሳቢያ ብትከፍቱ የሰርግ የክርስትና የምርቃት ሲዲና ዲቪዲ የሚጠፋበት ቤት ጥቂት ነው። ቪዲዮ ቤቱ ራይት አርጎ ይሰጣል፣ ቤተሰቡ አንዴ ሰብሰብ ብሎ ያያል፣ ከዛ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል፤ ብዙ ሰው ጋር ደግሞ ሌላ ኮፒ የለም፣ ያቺው አንዷ ናት።

ሲዲ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፣ አሁን የምንገዛው ባዶ ሲዲ 700 ሜጋባይት ይይዛል፣ ተራው ዲቪዲ 4.7 ጊጋ፣ ከዲቪዲ ቀጥሎ የመጣው ብሉሬይ የሚባለው ዲስክ ከ25 ጊጋ ጀምሮ እስከ 128 ይደርሳል። ራይት የሚደረገው ዲስክ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ስስ ቀለም አለ፣ ሌዘሩ እሱን በሙቀት እየለወጠ ነው ዳታውን የሚጽፈው፤ ከመሃል ጀምሮ ወደ ውጭ ስለሚሄድ ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ ብታዩት የተጻፈበት ክፍል ለየት ብሎ ይታያል። ይሄ ቀለም ፀሐይና ሙቀት አይወድም። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ብርዱ ራሱ ይጠብቀዋል፣ አባይ በረሃን ስትሻገሩ ግን መኪናው መስታወት ስር ጥሎ መሄድ ዲስኩን መግደል ነው፣ ጣና ዳር ላይ ደግሞ እርጥበቱን መጠንቀቅ ነው።

ሰው የሚሳሳተው ሲዲ ላይ የሚያብረቀርቀውን ጎን ብቻ ይጠነቀቃል፣ ዳታው ያለው ግን ከላይ ስሙ የሚጻፍበት ጎን ስር ነው፣ እዛ ላይ በእስክሪብቶ ጫን አርጎ መጻፍ ወይ ወረቀት ለጥፎ መላጥ ፋይሉን ይዞት ይሄዳል። ዲቪዲ ይሻላል፣ ሁለት ስስ ፕላስቲክ ተጣብቆ ዳታው መሃል ላይ ስለሆነ።

ታዲያ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ እያለ ምን አደከመን ትሉ ይሆናል። ፍላሽ ኢንተርኔት ቤትና ፎቶኮፒ ቤት በዞረ ቁጥር ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ አንዴ የተጻፈና የተዘጋ፣ ማለት ሌላ እንዳይጨመርበት የተደረገ ዲስክ ላይ ግን ቫይረስ መግባት አይችልም፣ በስህተት ፎርማትም አይደረግም። ለማይለወጥ ነገር፣ ለሰርግ ቪዲዮ፣ ለአባት ለእናት ድምፅ፣ ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ነውና የኔታ ሲዘርፉ ለተቀዳ ቅኔ፣ እኔ ዲስክ በሁለተኛ ኮፒነት መቀመጥ አለበት ባይ ነኝ፤ ብቸኛ ኮፒ ግን በፍፁም። ስትጽፉ ስፒዱን ዝቅ አርጉና ሲያልቅ ቬሪፋይ አስደርጉት፣ ማለት በትክክል መጻፉን ፕሮግራሙ ይፈትሽ፣ መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ያ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ባከነ ማለት ነው፣ ስለዚህ ቻርጅ ያለው ላፕቶፕ ይሻላል። ኤም ዲስክ የሚባልም አለ፣ በዛ ቀለም ፋንታ ድንጋይ መሰል ነገር ላይ ነው የሚጽፈው፣ ውድ ነው።

አሁን ዋናው ችግር ማንበቢያው ነው። አዳዲስ ላፕቶፕ አብዛኛው የዲስክ ማንበቢያ ድራይቭ የለውም፣ ሶኒም የሚጻፍበትን ብሉሬይ ማምረት እ.ኤ.አ. በ2025 አቁሟል። ድራይቭ ከገበያ ሳይጠፋ መሳቢያችሁ ውስጥ ያለውን ዲስክ ሃርድ ዲስክ ላይ አውርዱት፣ አንዱ ድራይቭ አላነብም ካለ ዲስኩን ቶሎ አትጣሉት፣ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ጥረጉትና ሌላ ድራይቭ ላይ ሞክሩት፣ አንዱ እምቢ ያለውን ሌላው የሚያነብበት ጊዜ አለ።